በ51 ዓመቴ ባሌት ልማር ሄድኩ

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መሳቅ ይፈቀዳል፤ እኔም ስቄበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኔ "የደብረ ዘይት ሰው ነኝ" ስል ሁሉም ሰው "ኦ! ሆራ! ሐይቁ! ዓሣው!" ይለኛል። የኔ ደብረ ዘይት ሐይቅ የላትም። የኔዋ የወንበራዋ ናት፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን። የዚያኛዋ ስም በይፋ ቢሾፍቱ ከሆነ ስንት ጊዜው፤ ስሙን ለኛ ልቀቁልን ብል ግን የሚሰማኝ የለም።

ታዲያ በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታናሽ እህቴ ጋ ልከርም ወጣሁ። እሷ የምትኖረው ደግሞ እዚያው ሐይቅ ያላት ደብረ ዘይት ነው። ቻግኒን፣ እንጅባራን፣ ደብረ ማርቆስን፣ የዓባይን በረሃ አቋርጬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላትቼ፣ ከደብረ ዘይት ደብረ ዘይት ገባሁ።

እህቴ አንዲት ልጅ አለቻት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ አዲስ አበባ ትሄዳለች። "የት ነው?" ስል ባሌት ትማራለች አሉኝ። ባሌት የሚጀመረው በአምስት በስድስት ዓመት ነው ሲባል ነው የሰማሁት። እሷ የጀመረችው የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ነው። "የማን ትርኢት ላይ ልትሠሪ ነው?" አልኳት። "የማንም። ደስ ስለሚለኝ ነው" አለች።

ደስ ስለሚለኝ! እኔ 28 ዓመት አስተምሬ ከተማሪ አፍ ይቺን መልስ የሰማሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ "አጎቴ፣ አብረን እንሂድ" አለችኝ።

"ላይ?"

"ልትሠራ።"

እህቴ ከወጥ ቤት ሆና እስኪያስነጥሳት ሳቀች። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅብኝ እልኸኛ ነኝ፤ የተማራችሁ ታውቃላችሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ዝናብ ነበር። በሚኒባስ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ ሁለት ታክሲ። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ መግቢያ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቱታና ንጹሕ ካልሲ በፌስታል ይዣለሁ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ "አንቺ ግቢ፣ እኔ ቡና ቤት ልጠብቅሽ" ብያታለሁ።

ቦታው የአንድ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ነው። ወለሉ እንጨት፤ አንዱ ግድግዳ ከዳር እዳር መስታወት፤ በሌላው ግድግዳ ላይ በወገብ ልክ የእንጨት ዘንግ ተገጥሟል። ዘንጉን "ባር" ይሉታል። እኔ የማውቀው ባር ሌላ ነው።

ከኔ ጋር 11 ሰው ነበር፤ ሁሉም ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አንዷ ነርስ ናት፤ ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጣች። አንዲት እናት ደግሞ ልጇን የልጆቹ ክፍል እያመጣች ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠብቃለች። "አንድ ቀን፣ እኔስ ምን አደርጋለሁ እዚህ ተጎልቼ አልኩ" አለችኝ። አሁን ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቃለች።

አስተማሪው ከኔ ተማሪዎች በአንዱ ዕድሜ ነው። "ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ መቆም ነው የምንማረው" አለኝ። በሆዴ፣ መቆምማ አታስተምረኝም አልኩ። ዕድሜዬን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የኖርኩት። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ለካ መቆም አልችልም። ክብደቴ በሙሉ ግራ እግሬ ላይ ነው፤ ሆዴ ቀድሞኛል፤ አንገቴ ደብተር እንደሚያርም ሰው ወደ ፊት ወጥቷል። መስታወት ደግሞ ይሉኝታ የለውም።

ቃላቱ ሁሉ ፈረንሳይኛ ናቸው። ፕሊዬ ማለት "የታጠፈ" ነው፤ ጉልበትህን ወደ ውጭ ከፍተህ ቀስ ብለህ ታጥፋለህ። ታንዱ "የተዘረጋ"፤ ጣትህ ከወለሉ ሳይለቅ እግርህን እየሳብክ ትዘረጋለህ። ረለቬ "ከፍ ያለ"፤ ተረከዝህን አንስተህ በእግርህ ጣቶች ላይ ትቆማለህ። በመጀመሪያው ፕሊዬ ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ፤ የሙያዋ ነገር ነው መሰለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጉልበቴ አይደለም፤ ትከሻዬ ነው። በባሌት ትከሻ ይወርዳል፣ ጸጥ ይላል፤ ሥራው ከእግርና ከእጅ ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት በእስክስታ ነው። ሙዚቃ ሲጀመር እግሬ ቢረሳ ትከሻዬ አይረሳም። ፒያኖው ተከፈተ፤ ትከሻዬ ብቻውን ሄደ። "ጋሼ፣ ትከሻዎን ይርሱት" አለኝ። ረሳሁት። ተመልሶ መጣ። "ጋሼ፣ ትከሻ!" በመጨረሻ እሱም ሳቀ፣ ሁላችንም ሳቅን። እረፍት ላይ ግን አጠገቤ መጥቶ "ያችን የትከሻ ነገር ቀስ አድርገው ያሳዩኝ እስቲ" አለኝ። አሳየሁት። እሱ ደግሞ በተራው እንደ ጀማሪ ተንገዳገደ። ይህን ስላየሁ ብቻ የታክሲውን ሒሳብ አልቆጭም።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስንጨርስ ሸሚዜ ሲጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። አንድም እንቅስቃሴ በትክክል አልሠራሁም። ስወጣ ግን እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ መቼ እንደሄድኩ አላስታውስም።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልግባ።

ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ስለ አንድ ቃል ሳስብ መጣሁ፤ "አማተር"። እኛ ጋ አማተር ሲባል "ገና ያልበሰለ" ወይም "እስካሁን የማይከፈለው" ማለት ነው። ስድብም ይሆናል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ትርጉሙ "ወዳጅ" ነው፤ ነገሩን ስለሚወደው የሚሠራ ሰው።

ባሌት ራሱ የተወለደው በነዚህ ወዳጆች እጅ ነው። በጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተጀምሮ ፈረንሳይ ሲያድግ፣ የሚደንሱት በአብዛኛው መኳንንቱ ራሳቸው ነበሩ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1653 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ14 ዓመቱ፣ ፀሐይን ሆኖ ደንሷል፤ "የፀሐይ ንጉሥ" የሚለው ስም ከዚያ ጋር ይያያዛል። የዳንስ አካዳሚ ያቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1661 ነው። እንግዲህ ዛሬ "ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ አንተ ራቅ" የምንባልበት ጥበብ ሲጀመር ደስ ስላላቸው የሚሠሩት ሰዎች ነገር ነበር።

"ያ ለፈረንጅ ነው" የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ አዲስ አበባ እንምጣ። ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ አዘጋጅ እንደ ፈረንጆቹ በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን "ካርሚና ቡራና" በሚባለው ሙዚቃ መድረክ ላይ አስደነሰ። ሰውየው ራሱ ዳንስ የጀመረው ሃያዎቹ ውስጥ ገብቶ ነው፤ በባሌት ዓለም ይህ ለመጀመር በጣም የዘገየ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሥራ "አዱኛ" የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር በቃ፤ በኋላም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር "ዴስቲኖ" የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። እነዚህ ልጆች ሲጀምሩ ማንም "የወደፊት ሙያተኞች ናቸው" ብሎ አልመረጣቸውም። መጀመሪያ በሩ ተከፈተላቸው፤ ሙያው ኋላ መጣ።

የራሳችንንም እንቁጠር። እኔ ልጅ ሆኜ መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበረች። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው የናኘው ያኔ ነው፤ በ1980 "ሕዝብ ለሕዝብ" ዓለምን ሲዞር ቤት ያለው ሁሉ ያወራው ነበር። የኛ ቀበሌ ኪነት ግን ማንም አያውቀውም። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ከበሮ ይመታል፤ ከሴቶች ማኅበር የመጡ የልጆች እናቶች ይጨፍራሉ። ለማንም እንዳላሳምር ልናገር፦ ኪነት የመንግሥት መፈክር ማስተላለፊያም ነበር፤ በግድ የተሰለፈም ነበር። ሥርዓቱ ሲሄድ መፈክሩ ቀረ፤ ጥሩ። ግን ከመፈክሩ ጋር አዳራሹንም ጠቅልለን ጣልነው። የወፍጮ ቤቱ ሰው ከሥራ በኋላ ከበሮ የሚመታበት ቦታ ዛሬ የት አለ? መጠጥ ቤትማ አለ። የኳስ መመልከቻ ቤትም አለ። ሁለቱም ጋ ሥራህ መቀመጥና ማየት ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚህ ነው።

የዛሬ 16 ዓመት ገደማ ያኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ሆም ሩሟ ነበርኩ። የባህል ክበቡን የምትመራው እሷ ናት። የወላጆች በዓል ላይ ስትጨፍር ሰው ወንበሩን ጥሎ ይቆም ነበር። የጉሙዙንም፣ የሺናሻውንም፣ የአገውንም፣ የኦሮሞውንም አጨፋፈር ከየልጁ እየጠየቀች ትማራለች፤ መልሳ ለሌላው ታስተምራለች። ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ አባቷን አስጠራሁ። "ይህ ጭፈራ የትም አያደርሳትም፤ ያስቁሟት" አልኩ። በቅንነት ነው ያልኩት። አቆመች። ያስቆምኳት ጭፈራ ግን ማርኳን አንድ ነጥብ አልጨመረላትም። ክበቡም እሷ ስትወጣ ፈረሰ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ቻግኒ መናኸሪያ ልጅ አዝላ አገኘኋት። "ቲቸር!" ብላ እየሮጠች መጥታ ሳመችኝ። ተጫወትን። ልንለያይ ስንል፣ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ "አሁንስ ትጨፍሪያለሽ?" አልኳት። ሳቀችና "ኧረ ቲቸር፣ አሁንማ አርጅቼ" አለችኝ።

27 ዓመቷ ነበር።

ያን ጊዜ ቀልዳለች ብዬ አለፍኩት። መስታወቱ ፊት በ51 ዓመቴ እየተንገዳገድኩ ሳለ ነው ድምፅዋ የመጣብኝ። አርጅቼ የሚለውን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስሟን አልጠራም፤ ይህን ካነበበች ራሷን ታውቃለች። እህቴ፣ ያን ቀን ተሳስቻለሁ። አጥኚ ማለቴ ትክክል ነበር። አቁሚ ማለቴ ግን ስህተት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የኔ ጥፋት የብዙ አስተማሪና የብዙ ወላጅ ጥፋት ይመስለኛል። አንድ ነገር እንጀራ ካላበላ ወይ ሜዳልያ ካላመጣ ጊዜ ማባከን ነው እንላለን። ልጅ ሲሆን "ትምህርትህን ያዝ" እንለዋለን፤ ሲያድግ ደግሞ "በዚህ ዕድሜህ?" እንለዋለን። በሁለቱ መሐል የተፈቀደው ጊዜ የቱ ነው? ሰው ሲሞት ነው የሚጨፍረው?

"ለጤና ጥሩ ነው" ብዬ ላሳምናችሁ እችል ነበር። በ2003 እንደ ፈረንጆቹ "ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን" ላይ የወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ፤ ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ ከመርሳት ሕመም መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነው። ደስ ይላል። ግን በጤና ሰበብ ካስገባኋችሁ ያው ነው፤ አሁንም ደስታን በመታወቂያ ነው የማስገባው። ደስ ስለሚለኝ ማለት ለምን አይበቃም?

ሁለት መቃወሚያ እጠብቃለሁ። አንደኛው የኑሮ ውድነት ነው። እውነት ነው፤ የእህቴ ልጅ ለትምህርቱና ለትራንስፖርት የምታወጣው ገንዘብ ለብዙ የገጠር አስተማሪ አይታሰብም። ስለዚህ ሁላችሁም አዲስ አበባ ሂዱና ባሌት ተማሩ አልልም። እኔ ያገኘሁት ባሌቱን አይደለም፤ የተከፈተ በር፣ ታጋሽ አስተማሪና አብሮኝ የሚሳሳት አሥር ሰው ነው። እነዚህ ሦስቱ ወንበራም በነጻ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ይከብዳል። "ስንት ሰው በሞተበት አገር ስለ ጭፈራ ታወራለህ?" ትሉኛላችሁ። በ2012 እና በ2013 መተከል ላይ የሆነውን ከኔ በላይ የምታውቁ አላችሁ። የቀበራችሁ አላችሁ። ቤታችሁን ጥላችሁ በመጠለያ የከረማችሁ አላችሁ። እኔም ክፍሌ ገብቼ ስም ስጠራ "አቤት" የማይሉ ስሞች ነበሩኝ። ስለዚህ በዚህ ነገር አልቀልድም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዚያ በፊት በማን ሠርግ ነበር የምንጨፍረው? እርስ በርሳችን። ሺናሻው የአማራውን፣ አገው የኦሮሞውን፣ ጉሙዙ የሁሉንም ደጅ ያውቅ ነበር። አንዱ የሌላውን እርምጃ እየተሳሳተ ይማራል፤ ሲሳሳት ይሳቅበታል፤ ሲስቁበት ቤተኛ ይሆናል። ዛሬ ሰላም ሲባል ስብሰባ ይጠራል፤ ሰው በወንበር ተደርድሮ ንግግር ሰምቶ አበል ፈርሞ ይሄዳል። ስብሰባው አይጠላም። ነገር ግን አጠገቤ ሆኖ አብሮኝ ስለተንገዳገደ ሰው በማግሥቱ ክፉ ወሬ ሲነገረኝ ቶሎ አላምንም። ዳንስ ጦርነት ያቆማል አላልኩም፤ አያቆምም። ጎረቤትን እንደገና በአካል መልመድ ግን ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት።

በ2007 ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አሶሳ ሲከበር የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የበርታን ዙምባራ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ያላያችሁ ካላችሁ፦ የተለያየ ርዝመት ያላቸው የሚነፉ ቱቦዎች ናቸው፤ አንዱ ሰው ከመሣሪያው የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ "ቱ!" ይልና ይተዋል። ብቻውን ብትሰሙት ዜማ አይደለም። ሁሉም እየተራመዱ፣ እየተቀባበሉ ሲነፉ ግን ዜማው ይሞላል። ከአዛውንት እስከ ጎረምሳ ገብቶበታል። እዚያ መሐል "ማነው ሙያተኛው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንድ ሰው ቢጎድል ግን ዜማው ላይ ቀዳዳው ይሰማል። የቅዳሜው ክፍል ውስጥ በመጨረሻው ረድፍ ቆሜ ያስታወስኩት ይህን ነው። ጎበዝ መሆን አልነበረብኝም፤ መገኘት ነበረብኝ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየከተማችን አዳራሽ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ለስብሰባ ይጠብቃል። ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ናቸው። በየወረዳው የባህል ቡድን ካለም ለእንግዳ አቀባበል የሚጠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ይቀጥሉ። ከነሱ ጎን ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት፣ ለጎልማሳ የሚከፈት በር ይኑር። ፈተና የሌለው፣ ትርኢት የማይቀርብበት፣ ካሜራ የማይጠራበት። ከተማሪዎቼ መሐል ዛሬ ቁልፍ የያዛችሁ አላችሁ፤ በስም አውቃችኋለሁ። ቁልፉን አምጡ።

እኔ በበኩሌ መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። እስካሁን ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዲት የጤና ጣቢያ ባልደረባ። ክፍያ የለም። ሙዚቃው ከሞባይል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው የሚያውቀውን አንድ እርምጃ ለሌላው ያስተምራል፤ የሺናሻውን፣ የጉሙዙን፣ የአገውን፣ የኦሮሞውን፣ የአማራውን፣ ያለውን። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ወስጃለሁ። ፕሊዬ አስተምራለሁ፤ አንድ ቀን የተማርኩትን ያህል።

የቻግኒዋ ልጄ፣ አንቺ ከመጣሽ ግን ተራዬን ለቅቄልሻለሁ። ሕፃኑን እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እይዝልሻለሁ።

ቱታና ንጹሕ ካልሲ ይዛችሁ ኑ። ጉልበታችሁ ቢጮኽ አትደንግጡ፤ የኔም ይጮኻል።